የበያጁ ዓይንና የአባታችን ወገብ

ለምሳሳልህ ታናሽ ወንድሜ፤

ሰላምታዬ ከራስ ጠጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ ይድረስህ። ድሮ ይህን የምጽፍልህ ለወጉ ያህል ነበር፤ ዘንድሮ ግን ሰው ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ውስጡ ሲታይ አይቻለሁና ከልቤ ነው። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ጉልበትህ ደረጃ ስትወጣ አሁንም ይንቋቋል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። እኔም ደህና ነኝ ለማለት በቅቻለሁ፤ ነገሩን ልንገርህ፤ አንብበህ ሳትጨርስ ለመደወል እንዳትጣደፍ።

ከጥቂት ወራት በፊት ሽንት ቤት መመላለስ ሳበዛ ባለቤቴ እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። የደም ምርመራዬ ቁጥር ከልክ በላይ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ፕሮስቴት የሚባለውን፣ ከፊኛ በታች ያለውን የወንድ ዕጢ ካንሰር ሳይዘው አይቀርም፤ በመርፌ ናሙና ከመውሰዳችን በፊት በኤምአርአይ እንየው አለኝ።

ኤምአርአይ ተኝተህ የምትገባበት ትልቅ ማግኔት ነው። መጀመሪያ የሚሞላ ፎርም ሰጡኝ፤ ዓይንዎ ውስጥ ብረት ገብቶ ያውቃል ወይ ይላል። አያውቅም ብዬ ምልክት አደረግኩ። ዋሸህ እንዳትለኝ፤ እኛ በያጆች ዘንድ ብረት ገባ የሚባለው ሰው ሐኪም ቤት ሲሄድ ነው። ስንሞርድ የምትገባዋንማ ጓደኛህ የዓይንህን ቆብ ገልብጦ በመሐረብ ጫፍ ይጠርግልሃል፣ ወደ ሥራህ ትመለሳለህ፤ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥራትም።

የማሽኑ ባለሙያ ድምፅዋ የማይሰማ ቀጭን ሴት ናት። ፎርሙን ተቀብላ ክንዴ ላይ ያሉትን የፍንጣሪ ጠባሳዎች አየችና ሥራዬን ጠየቀችኝ። ስነግራት ዛሬ አይገቡም አለች። ሥራ ፈትቼ ነው የመጣሁት ብዬ ተቆጣሁ፤ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም፤ ዓይኔን ራጅ አስነሳችኝ። ግራ ዓይኔ ውስጥ የሰሊጥ ፍሬ የማታክል ብረት ቁጭ ብላለች። ስንት ዓመት አብራኝ እንደኖረች እንጃ። ማግኔቱ ቢስባት ኖሮ ዓይንህ ሊጠፋ ይችል ነበር አሉኝ። ሠላሳ ዓመት ብረት አዛዥ ነኝ ስል ኖሬ፣ አንዲት ሴት ጠባሳ አይታ ዓይኔን አተረፈችልኝ። ይቅርታ ስጠይቃት ሳቀች።

የዓይን ሐኪም ብረቷን ካወጣልኝ በኋላ ማግኔቱ ውስጥ ገባሁ። ከኛ ወርክሾፕ የባሰ ይደበድባል። ሥዕሉ ላይ በዕጢው ጎን የምስር ፍሬ የምታክል ጥላ ታየች፤ ናሙናው ካንሰር መሆኗን አረጋገጠ። የቀረው አጥንት ደርሷል ወይ የሚለው ነበር፤ ደርሶ ከሆነ ሕክምናው ሌላ ነው። ለዚህ ደግሞ በደም ሥሬ መድኃኒት ሰጡኝ፤ መድኃኒቱ ሰውነቴን ዞሮ ካንሰሩን ባለበት እየፈለገ ይጣበቅበታል፣ ካሜራው ላይም ያበራል። እኔ የሚያፈስ ቧንቧ ለማግኘት ግድግዳ የማፈርስ ሰው፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ያቺ ምስር ብቻ በራች። አጥንቶቼ ንጹሕ ሆነው ሳይ ሰው ፊት አለቀስኩ።

ከዚያ የት ልታከም የሚለው መጣ። የከተማችንን ቀዶ ሐኪም፣ ሰው በያጅ ሲቀጥር እንደሚጠይቀው፣ ስንት ሠርተሃል፣ ስንቱስ በኋላ አፈሰሰ ብዬ ጠየቅኩት። ባለቤቴ ቆነጠጠችኝ። እሱ ግን ቅር አላለውም። በዓመት አሥራ ሁለት ቢሞላ ነው፤ በአውቶቡስ ስድስት ሰዓት ርቆ ያለው ማዕከል ይህንን በሁለት ሳምንት ይሠራዋል፤ ቀዶ ሐኪሙ፣ የጨረር ሐኪሙና ሥዕሉን የሚያነበው ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ይመክሩበታል፤ ወንድሜ ቢሆን ወደዚያ ነበር የምልከው አለኝ። ሥራውን በገዛ እጁ ለሌላ የሚሰጥ ባለሙያ በኛ ሙያ አይቼ አላውቅም። ሄድኩ። ቀዶውም ጨረሩም ያዋጣሃል ብለው የሁለቱንም ጉድ፣ የሽንቱንም የመኝታውንም፣ ሳይደብቁ ነገሩኝ። ጨረሩን መረጥኩ፤ ሰኞ እጀምራለሁ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። የማዕከሉ ሐኪም አባትህ በምን ሞቱ አለኝ። በወገብ ሕመም አልኩት። እንዴት እንዴት እንዳደረገው ሲጠይቀኝ ሁሉንም ነገርኩት፤ ማታ ማታ እየተፈራረቅን እንደምናሸው፣ ከሲታ ሆኖ ከወንበር መነሳት እንዳቃተው። ዛሬ በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም፣ ግን ይኸው በሽታ አጥንቱ ገብቶ ሊሆን ይችላል አለኝ። ወንድሜ፣ እኔ እኮ ሰነፈ ብዬ ስቆጣው ነበር። ይህ እስካሁን እንቅልፍ ይነሳኛል። ሐኪሙ ቀጥሎ ስንት ወንድም አለህ አለኝ። አንድ አልኩት። እንግዲያው ዛሬውኑ ንገረው አለኝ።

አርባ ስምንት ዓመትህ ነው። አንድ ብልቃጥ ደም ነው የሚወስዱብህ። በልጅነታችን እንቢ ያልከኝን ሁሉ ይቅር ብዬሃለሁ፤ ይህቺን ግን ታዘዘኝ። አባታችንን አላወቅንለትም፤ አንተን ግን እያወቅኩ ዝም አልልም።

ትልቋን ልጅህን ለፈተናዋ በርቺ በልልኝ፤ ትንሹን ጉንጩን ሳምልኝ። አክስታችንን ጉልበት ሳምልኝ፤ ደብዳቤውን ስታነብላት ግን ካንሰር የሚለውን ዝለልላት። ለባለቤትህ በዚህ ደብዳቤ ሰላምታ አልላክኩም፤ ጠባይህን ስለማውቅ ግልባጩን በእሷ ስም ለብቻው ልኬላታለሁ። ይህን አንብበህ ቀና ስትል ቀጠሮ ይዛልህ ታገኛታለህ።

ታላቅህ
ከወርክሾፑ ጠረጴዛ፣ ኅዳር 9 ቀን