የቫልዲቪያው ገዥ ፊርማ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንዴት ከረምሽልኝ? ያ የጉልበትሽ ሕመም ተሻለሽ ወይ? ልጆቹስ? እኔ አምላክ ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። የቫልዲቪያ ዝናብ ግን ዘንድሮም አላባራ ብሏል፤ አልጋችን ሳይቀር ሻግቷል።

ባሌ ደኅና ነው እያልኩ ስጽፍልሽ ኖሬያለሁ። ዛሬ እውነቱን ልንገርሽ። ባልታሳር ከሁለት ዓመት ወዲህ አያውቀኝም።

ሲጀምረው በገዥነቱ የሚያዛቸው ምሽጎች ስም ነበር የሚጠፋበት። ይስቅ ነበር፤ እኔም አብሬው እስቅ ነበር። አንድ ቀን ግን የወደቡን ምሽግ ጎብኝቶ ተመለሰና ምሳ ላይ ተቀምጦ፣ «እመቤቴ፣ የዚህ ቤት ጌታ መቼ ነው የሚመጡት?» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ፣ «የቤቱ ጌታማ ሾርባው እየቀዘቀዘበት ነው» አልኩት። ዞር ብሎ በሩን ተመለከተ። በሃያ ሁለት ዓመቱ በኦራን ከተማ ውጊያ ከጓዶቹ ቀድሞ ግንብ የወጣው፣ ትከሻው ውስጥ ጥይት ይዞ ሠላሳ ዓመት ንጉሡን ያገለገለው ሰው፣ ዛሬ ቦት ጫማውን አንስቶ የየትኛው እግር እንደሆነ ይጠይቀኛል።

ሊማ ላሉት ሹማምንት ብናገር ሹመቱን ነጥቀው ከእብዶች ጋር ይዘጉበታል። ስለዚህ የእሱን ፊርማ አስመስዬ ፈረምኩለት። መጀመሪያ ለዘበኞቹ ጫማ እንዲመጣ የሚጠይቅ ወረቀት ነበር። ቀጥሎ አለቃውን የመታ ወታደር የሞት ፍርድ ለፊርማ መጣ፤ «ምሬዋለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ወታደሮቹ «ሽማግሌው ልቡ ራራ» ተባባሉ። ምስጢሩን የምታውቀው እሱን የምታጥበውና የምታለብሰው ሚላራይ ብቻ ናት፤ ከአገሬው ከማፑቼዎቹ ናት፣ ወሬ አታወጣም።

አምና የማፑቼ አለቆች ለድርድር መጡ። ምክትሉ ሻለቃ ኡሩቲያ መንደሮቻቸውን ካላቃጠልኩ ይል ነበር። ባልታሳርን አልብሼ፣ ሰይፉን አስታጥቄ፣ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ ብዬ አስቀመጥኩት። ዝምታውን ግርማ አሉት። መሀል ላይ ድንገት ወደ ሽማግሌው አለቃ ጎንበስ ብሎ፣ «እናቴን አይተሃታል?» አይለው መሰለሽ! አስተርጓሚው ላቡን እየጠረገ ተረጎመው። አለቃው፣ «የኔም ሄዳለች፣ ወንድሜ» ብሎ እጁን ያዘው። በዚያው ቀን ሰላም ወረደ። እኔም ገዥው ያለ ደም ጦርነት እንዴት እንዳስቀሩ ለሊማ አሳምሬ ጻፍኩ። አበዛሁት፣ እታለም። ደስ ብሎኝ ነበር።

ማክሰኞ መርከብ ገባ። ሊማ ያሉት የንጉሡ እንደራሴ ስለ ጥበቡ አመስግነው ባልታሳርን የድንበሩ ጦር ሁሉ አዛዥ አድርገው ሾመውታል። መኸር ሳይገባ ሺህ ሁለት መቶ ሰው ይዞ ቢዮቢዮ ወንዝ ድረስ ዘምቶ፣ ወደ ሰላሙ ያልገቡትን ማፑቼዎች እንዲወጋ ታዟል። ኡሩቲያ እግሩ ላይ ወድቆ፣ «ጌታዬ፣ ከፊትዎ ልሙት!» አለው። መድፍ ተተኮሰ። ባልታሳር በድንጋጤ ፊቱን ቀሚሴ ውስጥ ቀበረ። ሰዎቹ «ገዥው ከደስታ ብዛት አለቀሱ» አሉ።

ብናገር እኔ በሐሰት ፊርማ እታሰራለሁ፤ እሱ ብቻውን ይቀራል። ዝም ብል ያን ሁሉ የሰው ልጅ እናቱን ለሚፈልግ ሕፃን አስረክቤ እልካለሁ። ሦስት ጊዜ እውነቱን ልጽፍ ተቀመጥኩ፤ ሦስቴም ተነሣሁ። ትናንት ቢጨንቀኝ እሱኑ፣ «ባልታሳር፣ ምን ላድርግ?» አልኩት። በአክብሮት ብድግ ብሎ፣ «እመቤቴ፣ ባለቤቴን ይጠይቋት፤ እሷ መላ አታጣም» አለኝ።

መርከቡ ነገ ይነሣል። ይህ ደብዳቤና ለእንደራሴው የተጻፈው መልስ በአንድ ከረጢት ነው የሚሄዱት። መልሱ አጭር ነው፤ «ሹመቱን በታላቅ ምስጋና ተቀብያለሁ» ይላል።

ለፋሲካ ከእሱ የደረሰሽን ደብዳቤ ለልጆቹ አታንብቢላቸው፤ ያንንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። የዚህኛውም ጽሕፈት የእሱን ቢመስልሽ አትደንግጪ፤ የራሴን ፈልጌ አጣሁት።

እመቤታችን ደጅሽን ትጠብቅልሽ፤ ልጆችሽ እርጅናሽን ያሙቁልሽ። ስትጸልዪ የሁለታችንንም ስም ጥሪ።

ታናሽ እህትሽ