ከደረጃው ሥር ያለው ጉድጓድ

ለወንድሜ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። «እንደምን ከረምክ» የሚባለው አንድ ክረምት ተለያይተው ለቆዩ ሰዎች ነው። እኔና አንተ ከአንድ ማሕፀን ወጥተን፣ ፊት ለፊት ሳንተያይ አርጅተናልና ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ቢሆንም ልጠይቅህ። ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? የእኛ ቤት ወንዶች ሁሉ እርጅና የሚጀምራቸው ከጉልበታቸው ነው። ልጆች ወልደሃል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እግዚአብሔር ያሳድግልህ፣ አድገው ከሆነም እሰየው። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልዋሽህ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ።

አድራሻህን የሰጠችኝ የአክስታችን ልጅ ቴግዌን ናት፤ ለማንም እንዳልናገር አስምላኝ ነው። እዚህ ሸለቆ ውስጥ ያንተን አድራሻ መያዝ ዛሬም ያስፈራል። ከእኔ መሆኑን ስታይ ሳትከፍተው ምድጃ ውስጥ ልትጨምረው ትችላለህ፤ አልፈርድብህም። እስከዚህ ካነበብክ ግን እስከ መጨረሻው አንብበው፣ ጨንቆኛል። የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኛል።

ነገሩ የቤቱ ነገር ነው። አባዬን ከዚህ ቤት ማውጣት አለብኝ። የከሰሉ አቧራ ሳንባውን በልቶት ጨርሷል፤ የኦክስጅኑ ቱቦ ከአፍንጫው አይለይም። ከበራችን እስከ መንገዱ ያለውን ደረጃ ከወረደ ዓመት አልፎታል። የጓዳው ግድግዳ በሻጋታ ጠቁሯል፤ ፈትጌ አጸዳዋለሁ፣ ዝናብ ሲጥል ተመልሶ ይመጣል። ታች ወንዙ ዳር፣ ድሮ ባቡር ጣቢያው በነበረበት፣ ደረጃ የሌለው ደረቅ ቤት አግኝቼለታለሁ። ባለቤቷ ደግ ሴት ናት፤ የእኛ እስኪሸጥ እጠብቅሻለሁ አለችኝ። ዶክተሩም በበጋው፣ በዚህ ቤት ሌላ ክረምት እንዳይደግም ብሎኝ ነበር። እንግዲህ የቀረኝ የእኛን መሸጥ ብቻ ነበር። «ብቻ» ማለቴን እየው።

ገዢ አልጠፋም። ከከተማ ኪራይ የሸሹ ወጣቶች ሸለቆአችንን ወደውታል፤ ተራራው ያምራል ይላሉ። ገዢ ሲገኝ ግን ባንኩ ቤት መርማሪ ይልካል፤ መርማሪ አይቶ ያላለፈውን ቤት ባንክ አያበድርበትም፣ ይልቁንም ከሥሩ ከሰል ሲቆፈርበት በኖረ አገር። የመጀመሪያው መርማሪ ውሃ ልኩን ጓዳው ወለል ላይ አስቀምጦ ደጋግሞ ለካ። ወደ ፎቅ ከሚያወጣው ደረጃ ሥር፣ ድሮ ከሰል የምናስቀምጥባት ጠባብ ቦታ ጋ፣ ወለሉ ሰምጧል። ግድግዳውም ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። ሰውየው የድሮውን የማዕድን ካርታ አገላብጦ በእኛ መንገድ ሥር ምንም የተቆፈረ ነገር አጣ። «ምክንያቱ ያልታወቀ መስመጥ» ብሎ ጻፈና ሄደ። ሁለተኛውም ያንኑ ደገመው። ጉድጓድ መኖሩ ቢታወቅ ባንክ አይፈራም፤ በሲሚንቶ ይሞላል፣ ይመሰከርለታል፣ ቤቱም ይሸጣል። የሚፈራው ያልታወቀውን ነው። ሁለት ገዢ በዚሁ ሸሸብኝ።

በዚህ ሁሉ አባዬ ትንፍሽ አላለም። መርማሪ ሲገባ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ያዞራል። የቤቱ መሸጥ ከፍቶት መስሎኝ አባብለው ነበር። እዚያኛው ቤት እኮ ጓሮ አለው፣ ባሮ ሽንኩርትህን ትተክላለህ ስለው «የወንዝ ዳር ባሮ ሽንኩርት ውሃ ውሃ ይላል» ብሎ ይዘጋኛል። ቤቱ ለምን እንደሚሰምጥ የሚያውቅ ሰው እፊቴ ተቀምጦ፣ እኔ ከባንክ ባንክ ስለማመጥ ከረምኩ።

ሦስተኛዋ መርማሪ ባለፈው ሐሙስ መጣች። ኔስታ ትባላለች፣ ልጅ እግር ናት፤ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ የገባች የመጀመሪያዋ መርማሪ እሷ ናት። ጎረቤታችን ካይንዌንም ነበረች፤ ባሏ የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ጸሐፊ የነበረው። መርማሪ በመጣ ቁጥር በዘቢብ የተጋገረ ኬክ በሳህን ይዛ ብቅ ትላለች። ኬኩ ለእንግዳ ነው ትላለች፣ እኔ ግን ለወሬው መሆኑን አውቃለሁ።

ኔስታ ወለሉን በመዶሻ መታ መታ አድርጋ ባዶ ድምፅ ሰማች። ጠባብ ቀዳዳ በስታ በሽቦ የታሰረች ትንሽ ካሜራ አወረደችና በስክሪኑ ስታይ ቆይታ፣ ጀማሪ ሰው የቆፈረው ነገር ይመስላል አለችኝ፣ ቀስ ብላ። አባዬ ሰማት። «ጀማሪ?» አለ። ቱቦውን እየጎተተ ከወንበሩ ተነሣ፤ እንዴት እንደተነሣ እግዜር ይወቅ። «ልጄ፣ እኔ ያቆምኩት እንጨት ዛሬም እንደቆመ ነው፤ እይው» አላት።

አልቆመም ነበር። ስክሪኑ ላይ ያየነው ጥቁር ውሃና የበሰበሰ ግንድ ነው፤ ድጋፉ ሁሉ ተሰባብሮ አንዱ በአንዱ ላይ ወድቋል። አባዬ «ይሄ የእኔ አይደለም፣ ይሄ የእኔ አይደለም» እያለ ቆየ። ዕድሜውን ሙሉ ማዕድን ውስጥ ጣሪያ የሚደግፍ እንጨት ሲያቆም የኖረ ሰው ያቆመው ወድቆ ሲያይ ፊቱ እንዴት እንደሆነ ልነግርህ አልችልም። ኔስታ አዘነችና ካሜራዋን ልታወጣ ስታዞር አንድ ድጋፍ ታየ፣ ውሃው ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ። አባዬ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አኖረ። «ይሄ የልጄ ነው» አለ። «ግራኝ ነው፤ ሽብልቁን የሚመታው በዚህ ወገን ነበር።»

ወንድሜ፣ አንተ ከወጣህ ወዲህ «ልጄ» የሚለው ቃል ስለ አንተ እዚህ ቤት ተብሎ አያውቅም።

ከዚያ ሁሉንም ተናገረ፤ እኔ ልጁ ዕድሜዬን ሙሉ ሳልሰማው ለማታውቀው ሴት ተናገረው። ለአንተ የምታውቀውን መልሼ መንገሬ ነው፤ እኔ ግን ያኔ ገና መስማቴ ነውና ታገሠኝ። በአድማው ዓመት፣ የማዕድን ሠራተኛው ሁሉ ሥራ አቁሞ ሸለቆው ከሰል ባጣበት ጊዜ፣ ቤታችን ለምን ይሞቅ እንደነበር አሁን ገባኝ። እኔ ተማሪ ነበርኩ፤ እናንተ ተራራው ላይ ከተከመረው የማዕድን ጥራጊ የምትለቅሙት ይመስለኝ ነበር። ለካ ከደረጃው ሥር ወርዳችሁ ከገዛ ቤታችን እግር ሥር ነበር የምትቆፍሩት። ቤቱን ልናሞቅ ቤቱን ከሥሩ በላነው። መንገዱ ሁሉ ከእኛ ከሰል ሞቋል፤ ካይንዌንም ጭምር። ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፣ በአድማ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም።

አፈሩን ወንዙ ውስጥ ስትደፉ ውሃው ጠቆረና ነቁባችሁ። ከማዕድኑ አለቆች አንዱ ፖሊስ ውጭ አቁሞ ገባ። የሰው ከሰል ሰርቃችኋል፣ አባትየው ከሥራም ከጡረታም ይባረራል፣ ይታሰራል አለ። ነገር ግን ሰኞ ዕለት ከዚህ ቤት አንድ ሰው ወደ ሥራ ቢመለስ እኔ ምንም አላየሁም አለ። አንተስ ምን አልክ አልኩት አባዬን። «ምንም» አለኝ። «ምንም አላልኩም። ልጁ አየኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።»

ሰኞ ያን አድማ ሰባሪዎችን ወደ ማዕድኑ የሚወስደውን፣ መስኮቱ በሽቦ የተጋረደ አውቶቡስ ተሳፈርክ። አባዬም ከሰፈሩ ሰው ጋር መንገድ ዳር ቆሞ ጀርባውን ሰጠህ። ሆድ ይፍጀው ብሎ እማዬን አድማ ሰባሪ ወለድኩ፣ እኔን የአድማ ሰባሪ እህት ነኝ አሰኝቶን ኖረ። እማዬ በአንተ እንዳፈረች ሞተች። ይህን ስሰማ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ልወረውርበት አነሣሁት፤ እውነቴን ነው። ያን ጊዜ ሳሉ ተነሣበት። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጬ ደረቱን ማሸት ጀመርኩ። አባትን እየጠሉ ደረቱን ማሸት እንዴት ያለ ሥራ እንደሆነ በማንም አይድረስ። በዚያው እጄ እያሸሁት አለቀስኩ፣ ለእሱ ይሁን ለአንተ አላውቅም።

የሰፈሩን ነገር አልዋሽህም፤ እልልታ አልጠበቀህም። ካይንዌን ሳህኗን ጠረጴዛው ላይ ትታ ተነሣች። «ምክንያት የሌለው አድማ ሰባሪ አላየሁም፤ የእኔም ልጆች ተርበው ነበር» አለችና ወጣች። እውነቷን ነው፣ ምን እላታለሁ? በማግስቱ በጓሮ አጥር በኩል ጠራችኝ። መቼ ነው የሚመጣው አለችኝ። ማን ስላት «ማን ይሆናል፣ አባትሽ ኢድዋል የካደው ነዋ» አለች። እንደምትመጣ እንኳ አላውቅም አልኳት። «እኔ ሰላም አልለውም» አለች። «አፌ አይታዘዝልኝም። ሳህኔ ግን እናንተ ዘንድ ቀርቷል፤ እሱ ያምጣልኝ።» ካይንዌንን ታውቃታለህ፤ ከዚህ በላይ ከእሷ አይገኝም።

አሁን ወደምለምንህ ነገር ልምጣ። ኔስታ እንዳለችው የጉድጓዱ መንገድ ከታወቀ ከላይ በመሣሪያ ተበስቶ በሲሚንቶ ይሞላል። ካልታወቀ ግን የሰፈሩ ቤት ሁሉ ሊጠረጠር ነው፤ ያን ጊዜ እኛ ብቻ ሳንሆን መንገዱ ሁሉ ቤቱን መሸጥ አይችልም። አባዬ ሁለት ቅርንጫፍ አለው ይላል። አንዱ ወደ ካይንዌን ቤት ይሄዳል፤ ሌላው ወዴት እንደሚሄድ ጠዋት ወደ ተራራው ይለኛል፣ ከሰዓት ወደ መንገዱ። ያን ጉድጓድ የሚያውቅ ከእሱ ሌላ አንተ ብቻ ነህ። ክስ የሚባል ነገር የለም፣ ኔስታን ጠይቄአታለሁ፤ ጊዜው አልፎበታል ብላ ሳቀችብኝ። ናና አሳየን። አንድ ቀን ብቻ ስጠኝ፤ እኛ ዘንድ ማደሩ ካስጠላህ ቴግዌን ዘንድ ታድራለህ።

ይህን ደብዳቤ ቅዳሜ ጀምሬው ዛሬ ነው የምጨርሰው፤ በመሐል ሥራ በዛብኝ። አልጋውን ወደ ሳሎን አውርጄለታለሁ። ሾርባውን ሁለት ማንኪያ ቀምሶ ይመልሰዋል። ዶክተሩ ትናንት መጥቶ ነበር፤ ስለ ክረምቱ ስጠይቀው ስለ ክረምቱ አልመለሰልኝም፣ ሌላ ወንድም እህት አለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አለኝ አልኩት። አፌን ሞልቼ አለኝ ካልኩ ስንት ጊዜዬ። ለወንዙ ዳሯ ሴትም ደውዬ፣ ቤቱን ለሌላ ሰው ስጪው፣ አትጠብቂን ብያታለሁ።

አንተ ግን ስለ ጉድጓዱ ብለህ ና። ሰው ቢጠይቅህ ቤቱን ለማስመርመር መጣሁ በል። አባዬም ቢጠይቅህ ያንኑ በል፤ ስምህን ለመጥራት ዛሬም አልደፈረም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ዓይኑን ይገልጥና «ጉድጓዱን የሚያሳየን ሰው መጣ?» ይለኛል። ገና ነው እለዋለሁ። ይጨፍናል። ፖስተኛውም ቢሆን፣ የወተት ሰውም ቢሆን፣ ያንኑ ይጠይቀኛል።

ወንድሜ፣ ይቅር በለው አልልህም፤ እኔም ገና አላልኩትም። ልጆችህ በአንተ የማያፍሩ ይሁኑ፤ ከእነሱ የምትደብቀው ነገር አይኑርህ። የሄድክበት መንገድ ሁሉ ይቅናህ፤ ይህ መንገድ ደግሞ ፈጥኖ ይቅናህ።

ታናሽ እህትህ

አንድ ነገር ረስቼ፤ የፊት ለፊቱ በር በእርጥበት አብጦ ለዓመታት አልከፈት ብሎ ነበር፤ ትናንት አናጢ ጠርቼ አስላግቼዋለሁ። በእኛ አገር ያ በር ለሰባኪና ለሬሳ ካልሆነ እንደማይከፈት አትረሳውም። አንተ በጓሮ በኩል ግባ፣ ቤተኛ የሚገባው በዚያ ነው። አልቆልፈውም።