የመብራት ወፍጮና የራሕማ ሻንጣ

ጥቅምት 4
ዛሬም ጥቃቅንና አነስተኛ ቢሮ። "አምስት ሆናችሁ ተደራጁና ኑ" አሉኝ። አራቱን ከየት ላምጣ? ጓደኞቼ ሁሉ ሥራ ፍለጋ ደሴ ገብተዋል... ግን አልከፋኝም። እኛ ሰፈር መብራት ከገባ ሦስት ወሩ ነው። ሰዉ ቴሌቪዥን ገዛበት እንጂ ሥራ የከፈተበት የለም። መመረቂያ ጽሑፌ ላይ "መብራት የገባበት ሥራ ይገባል" ብያለሁ። አሁንም እላለሁ።

ጥቅምት 9
እህቴ ራሕማ ከጅዳ ከመጣች ወዲህ ሻንጣዋን አልፈታችም። በሩ ጀርባ ቆሟል። ጥር ላይ ልትመለስ ነው። ዛሬ ደፍሬ፣ "ባጠራቀምሽው ብር የመብራት ወፍጮ እንትከል" አልኳት።
"ካልሠራስ?"
"ይሠራል።"
"ወላሂ በል!"
"ወላሂ!"
ሳቀች። "እስከ ጥር እጠብቅሃለሁ፣ አዩብ። ካልሆነ ሻንጣዬ እንደታሰረ ነው።"

ኅዳር 12
ወፍጮው ተተከለ! የናፍጣው ወፍጮ ባለቤት "መብራትን ማን ይችላል" ብሎ ዘጋ። እዚያ አሥራ ስምንት ዓመት የፈጩት ጋሽ ሞላ በራችን ላይ ቆመው አዩ። "እንኳን ደስ አላችሁ" ብለው ሄዱ። ጽሑፌ ላይ የተከፈተ ሥራ ቆጥሬአለሁ... የተዘጋውንስ?

ኅዳር 21
ጉድ። ዱቄቱ ይሻክራል። እትዬ ዝናሽ ስልቻቸውን ይዘው ተመለሱ። "አንተ ባለ ዲግሪ! ዱቄት አልኩህ እንጂ ቅንጬ አልኩህ?" ወረፋው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ... ትንሽ።

ኅዳር 24
ሦስት ቀን ሙሉ ቮልቴጅ ስለካ። ደህና ነው። ሞተሩም ደህና። ታዲያ ምኑ ነው? ሰዉ እህሉን ጭኖ ወደ ሌላ ቀበሌ እየሄደ ነው። ራሕማ የሻንጣዋን አቧራ ስትጠርግ አየኋት።

ኅዳር 25
ራሕማ ሳትነግረኝ ጋሽ ሞላን ይዛ መጣች። ሞተሩን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ዱቄቱን በአውራ ጣታቸው አሹና፣
"መብራቱ ምን አረገህ? ድንጋዩ ዶልዱሟል። መቼ ነው የወቀራችሁት?"
ድንጋይ እንደሚወቀር መች አውቄ! አራት ዓመት ተምሬ...
"በናፍጣም ዞረ በመብራት፣ ድንጋይ ድንጋይ ነው ልጄ።"
ከዚያ መዶሻና መሮ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። አመሻሽ ላይ የወጣው ዱቄት እንደ ዱቄት ለሰለሰ።
"ከእኛ ጋር ይሥሩ፣ ጋሽ ሞላ" አልኳቸው።
"ያን ቀን በራችሁ ላይ የቆምኩት ለምን መሰለህ? ትጠሩኝ እንደሆን ብዬ እኮ ነው።"
አፈርኩ። ደስም አለኝ።

ጥር 8
ወረፋው እስከ መንገዱ። የሰፈራችንን ልጅ ንግሥቴን ለሚዛን ቀጠርናት፤ አራት ሆንን። ጥቃቅን ቢሮ ላለን አምስት አንድ ሰው ብቻ ቀረን!
የራሕማ ስልክ ጮኸ። ጅዳ የሚልካት ደላላ ነው። ስልቻ እያቀበለች፣ "ወረፋ ይዞኛል፣ አልመጣም" አለችውና ዘጋች።
ቤት ስገባ ሻንጣው በሩ ጀርባ የለም። ደነገጥሁ። ሮጬ ወፍጮ ቤት ተመለስሁ... ጋሽ ሞላ መዶሻቸውንና መሯቸውን ሻንጣው ውስጥ እየደረደሩ።
"ራሕማ ሰጠችኝ" አሉ። "አንተ፣ ጎማ ያለው የዕቃ ሳጥን አይተህ ታውቃለህ?"