የአባትሽ የመዳብ አምባር

ልጄ ረድኤት፣ የሰው አገር ብርድ ይራቅልሽ፣ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ። እኛ ደህና ነን። እዚህ ሚዛን ዝናቡ አላባራም፤ ቡናው ግን ዘንድሮ ጥሩ ይዟል።

ላቦራቶሪ ውስጥ የምትመረምሪው ያ ፔፕታይድ የምትዪው የፕሮቲን ቁራጭ መዳብ ሲይዝ ውሃው ሰማያዊ ይሆናል ብለሽኝ ነበር። ሐሙስ ደውለሽ «እማዬ፣ ማንም መዳብ ሳይጨምርበት ሰማያዊ ሆነ» ስትዪኝ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። አባትሽ ለቁርጥማቱ ያስረው የነበረው የመዳብ አምባር፣ ከአርባው ወዲህ ከተሰቀለበት ምስማር ያልወረደው፣ የዚያን ዕለት ጠዋት ጠፋ። ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ክቡ ብቻ ቀርቷል። ጎረቤታችን እታገኝ ሌባ ነው ትላለች። ሌባ ራዲዮኑን ትቶ መዳብ ያነሳል? አባትሽ «ረድኤትን ሳላያት» እንዳለ ነው ያረፈው።

እመቤቴ ጥላ ትሁንሽ። አደራሽን ልጄ፣ ያን ውሃ እንዳትደፊው፤ ስንት አገር አቋርጦ መጥቶ።

እናትሽ ማናልሞሽ