አርባ ሁለት ሰው፣ አንድ ትንፋሽ፦ የሲስተር «አልተለካም» የሕይወት ታሪክ

ሲስተር በሰኔ ወር 1946 ዓ.ም. ከሰዓት ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ሰኮንድ መቁጠር የለመዱት በአባታቸው የሥራ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጠው ነው። በ1964 ዓ.ም. የነርሶች ትምህርት ቤት ሲገቡ አባታቸው፣ ደረት ላይ የምትንጠለጠል ሰዓት ሰጧቸውና «ልጄ፣ ደቂቃ ስድሳ ሰኮንድ ናት፤ ሃምሳ ዘጠኝም አይደለችም» አሏቸው። በ1967 ዓ.ም. ከክፍላቸው አራተኛ ወጥተው ተመረቁ። «አንደኛ ብላችሁ እንዳትጽፉብኝ» ብለው ስለነበር አራተኛ ብለናል።

በ1970 ዓ.ም. የአምቡላንስ ሾፌር የነበሩትን ባለቤታቸውን አገቡ። ባለቤታቸው «በሽተኛ ባመጣሁ ቁጥር የምታየው የበሽተኛውን ደረት ነበር፤ ቀና ብላ እኔን እስክታየኝ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ» ይላሉ። አንዲት ሴት ልጅ ወልደው በወግ በማዕረግ አሳደጉ።

የሚቀጥለውን ቤተሰቡ መዝለል ይችል ነበር። ሲስተር ግን «ይህቺን ካስቀራችሁ ሌላውንም አትጻፉት» ብለው አስጠንቅቀዋል።

በ1986 ዓ.ም. አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ አርባ ሁለት አልጋ ባለው ክፍል ብቻቸውን ተረኛ ነበሩ። ሥራው ከአቅም በላይ ሲሆንባቸው፣ ሁሉም እንደሚያደርገው፣ ትኩሳትና ትንፋሽ በሚመዘገብበት በየበሽተኛው ቻርት ላይ የአራት ሰዓቱን መስመር ሳይለኩ በሦስት ሰዓት ሞሉት። አሥራ ሰባተኛው አልጋ ላይ የተኙት አናጺ ትንፋሻቸው እንደ ጤነኛ ሰው በደቂቃ ሃያ ተብሎ ተጻፈ። አናጺው በሦስት ሰዓት ተኩል አረፉ። ሚስታቸው ቻርቱን አንብበው «ሲስተር፣ እስከ አራት ሰዓት ይተነፍስ ነበር ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። ሲስተር ያቺን ጥያቄ እስከ ዕለተ ሞታቸው ይዘዋት ኖሩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልለኩትን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ «አልተለካም» ብለው መጻፍ ያዙ። ባልደረቦቻቸውም «ሲስተር አልተለካም» የሚል ስም አወጡላቸው። የነርሶች ኃላፊዋ ቢሮ አስጠርተው «ቻርቱን ሙዪው!» ሲሏቸው፣ «አንድ ሰው በደንብ ለመለካት አምስት ደቂቃ ይፈጃል። አርባ ሁለት ሰው ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። በየአራት ሰዓቱ ለኩ ትላላችሁ። መርፌውን ማን ይውጋ? ቁስሉን ማን ይጠብ? ሰው ጨምሩልኝ፣ እሞላዋለሁ» አሉ። ሰው አልተጨመረም። እሳቸው ተቀነሱ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሽተኛ ያስታመመች ነርስ አንሶላ ክፍል ተጥላ አራት ዓመት አንሶላ እንድታጥፍ ተደረገ! ሲስተር ግን ቀልድ አያጡም፦ «አንሶላ ጥሩ ነው፤ ተረጋግቶ ያስቆጥራል» ይሉ ነበር።

ከአንሶላ ክፍሉ ጎን መዝገብ ቤቱ ነበር። በምሳ ሰዓታቸው እየገቡ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ቻርት አገላበጡ። በአንድ ሺህ አሥራ አንዱ ላይ ትንፋሽ ሃያ ነው። አስም ያለበትም ሃያ፣ የሳንባ ምች ያለበትም ሃያ፣ ሊሞት አንድ ሰዓት የቀረውም ሃያ። ይህንን በአሥራ አንድ ገጽ ጽፈው በነርሶች ጉባኤ ላይ አቀረቡ። «አንድ ክፍል ሙሉ ሰው እንደ አንድ ሰው ይተነፍሳል እንዴ?» ሲሉ አዳራሹ ሳቀ። ቀጥለው «በነዚህ ቻርቶች ውስጥ የኔም የእጅ ጽሑፍ አለ» ሲሉ ግን ሳቁ ጠፋ።

ጥናቱ የጠየቀው ተጨማሪ ነርስ ነበር። የመጣው አዲስ ቻርት ነው፤ ከቁጥር በቀር ቃል የሚጻፍበት ቦታ የሌለው። ሲስተር ወደ ክፍላቸው ተመልሰው፣ በ2001 ዓ.ም. ጡረታ እስከወጡ ድረስ «አልተለካም»ን በኅዳጉ ላይ ጻፉ።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሳንባቸውን ታመው ያንኑ ክፍል በሽተኛ ሆነው ገቡ። አጠገባቸው ተቀምጦ የሚያስታምማቸው ታናሽ ወንድማቸው የአባታቸውን ሰዓት ይዞ ትንፋሻቸውን ቢቆጥር ሠላሳ አራት ሆነ። ቻርቱ ሃያ ይላል! ተቆጥቶ ሊነሳ ሲል ሲስተር እጁን ያዙት። ትንፋሽ እያጠራቸው «እሷን አትቆጣ» አሉት። «መጀመሪያ አልጋውን ቁጠር።» ቆጠረ። ሠላሳ ስምንት አልጋ፣ አንዲት ወጣት ነርስ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጸሐይ ወጥታ ስትገባ፣ በዚያ ክፍል የቀነሰው አራት አልጋ ብቻ ነው።

ጥቅምት 9 ቀን ከሰዓት በኋላ ሲስተር በተወለዱ በ69 ዓመታቸው አረፉ። የአሥር ሰዓቱ መስመር ግን ቀድሞ ተሞልቶ ነበር፦ ትንፋሽ ሃያ። ወጣቷ ነርስ ደርሳ ያንን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ። ማንም ሳይጠይቃት፣ ኃላፊዎቿ ቆመው እያዩ፣ በዚያ ቻርት ላይ ሳትለካ የጻፈችውን ሁሉ ሰርዛ «አልተለካም» ብላ ፈረመችበት። ዛሬ እዚህ በመካከላችን ቆማለች። ነገ እሷንም አንሶላ ክፍል ለመላክ ያሰበ ካለ፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ መስማቱን ይወቅ። የሆስፒታሉ አስተዳደር ስለላከው የአበባ ጉንጉን እናመሰግናለን። አበባ ግን ትንፋሽ አይቆጥርም። ነርስ ላኩ።

ሲስተር ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆችንና ታናሽ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። እስትንፋስን የሰጠና የወሰደ አምላክ፣ እሱ ሳይለካ የሚጽፈው የለምና፣ ድካማቸውን ቆጥሮ ነፍሳቸውን በዕረፍት ቦታ ያኑርልን፤ እኛንም ያጽናን።

ያረፉበት ሰዓት፦ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ። ወንድማቸው እጁን ደረታቸው ላይ አድርጎ፣ በአባታቸው ሰዓት ስድሳ ሰኮንድ ሙሉ ጠብቋል። ይህ ተለክቷል።