ልጅ መባልን የፈሩት የወይዘሮ አስካለ ገዛኸኝ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አስካለ ገዛኸኝ ከአባታቸው ከአቶ ገዛኸኝ ይማም እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺመቤት ይመር በሀብሩ ወረዳ ግራና አካባቢ በ1958 ዓ.ም. ተወለዱ። በሰማንያ ቀናቸው ወለተ ሥላሴ ተብለው ክርስትና ተነሡ፤ የእግዚአብሔርንም ልጅነት አገኙ። ይህ ነገር በየቀብሩ ይነበባል፤ ሰውም ፀሐዩ እየከረረበት ቶሎ እንዲያልፍለት ይጠብቃል። የእሳቸውን ታሪክ የሚሰማ ግን እዚህ ላይ ጥቂት ቢታገሥ መልካም ነው። በሰማንያ ቀናቸው የተሰጣቸውን ለማመን ዕድሜያቸውን ሙሉ ታግለዋልና።

በ1965ቱ ድርቅ እናትና አባታቸው ተከታትለው አረፉ። ገና ዳዴ ይል የነበረውን ወንድማቸውን ንጉሴን አጎታቸው ወደ ወልድያ ወሰዱት። የሰባት ዓመት ልጅ የነበሩትን አስካለን ደግሞ መርሳ የሚኖር አንድ የነጋዴ ቤተሰብ «እንደ ልጃችን እናሳድጋታለን» ብሎ ተቀበላቸው።

ቤተሰቡ ክፉ አልነበረም። ይህን መጻፍ ተገቢ ነው፤ ዛሬም ከእነሱ ወገን እዚህ መካከላችን የቆሙ አሉ። አስካለ አልተደበደቡም። ከቤቱ ልጆች ጋር አንድ ወጥ በልተዋል፣ ከእነሱ በኋላ ቢሆንም። የልጆቹን ቦርሳ ተሸክመው እስከ ትምህርት ቤቱ በር ያደርሱ ነበር፤ የእሳቸውም ትምህርት እዚያው በር ላይ አለቀ። ኋላ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ለይተው ዳዊት ማንበብ ችለዋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሥራ ዘመናቸውን በዓመተ ምሕረት ከፋፍሎ መጻፍ አልተቻለም። ሲያጥቡ፣ ሲቀዱ፣ ሕፃን ሲያዝሉ፣ ሽማግሌ ሲያስታምሙ፣ ሁሉም አንድ ቀን ነበር።

ወጣት ሳሉ የጎረቤት ሠራተኞች ለመስቀል ወደየአገራቸው ሲሄዱ አይተው፣ ወንድማቸውን አይተው እንዲመለሱ ጠየቁ። የቤቱ እመቤት ደረታቸውን ይዘው፣ «ምነው አስካለ? ልጅ የእናቷን ቤት ለዓመት በዓል ትታ ትሄዳለች? ምን አጎደልንብሽ?» አሏቸው። አስካለ አፍረው ወደ ማድቤት ተመለሱ። በ1979 ዓ.ም. ደግሞ አንድ የውርጌሳ አናጺ ሽማግሌ ልኮ ለትዳር ጠየቃቸው። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። አባወራው «ልጄን ለማላውቀው ሰው አልድርም» አሉ። የአባት ወግ ነውና የሚከራከር አልተገኘም። የቤቱ ሴቶች ልጆች በየተራ ሲዳሩ ግን አስካለ ድስት ሥር ነበሩ፤ በአንዱም የሠርግ ፎቶ ላይ የሉም። ልውጣ ሲሉ ልጅ ናቸው፤ ልጆች ሲቆጠሩ ማንም አያስታውሳቸውም።

በሩ ተቆልፎባቸው አያውቅም። ከመርሳ ወልድያ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይሞላም። ወንድማቸው አቶ ንጉሴ አድገው ሥራ እንደያዙ ሄደው «ተነሺ እህቴ፣ እንሂድ» ቢሏቸው፣ «እናቴን ጥዬ? ሰው ምን ይለኛል?» አሉ። እናቴ ያሉት እመቤቲቱን ነው። ቁልፍ ቢሆን ይሰበራል፤ ውለታ በምን ይሰበራል? አቶ ንጉሴ በመጡበት መኪና ብቻቸውን ተመለሱ።

አስካለ ከዚያ ቤት ወጥተው የሚውሉበት አንድ ስፍራ ቤተ ክርስቲያን ነበር። እዚያም አላረፉም። ቅዳሴ ሲያልቅ ቅጥሩን ይጠርጋሉ፣ ምንጣፍ ያራግፋሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ። ሕዝቡ «እንዴት ያለች መልካም ሴት» እያለ ያደንቅ ነበር። የንስሐ አባታቸው ቄስ ዮናስ ግን ነገሩ አላማራቸውም። አንድ እሑድ ጠሯቸውና፣ «ወለተ ሥላሴ፣ ይሄን ሁሉ የምትሠሪው ወደሽ ነው ወይስ ፈርተሽ?» ብለው ጠየቁ።

«ፈርቼ ነው አባ። እንዳያባርረኝ።»

«አንቺኮ ልጁ ነሽ። ከውሃና ከመንፈስ ወልዶሻል፤ እመኚው። ልጅን ማን ያባርራል?»

አስካለ አንገታቸውን ደፍተው የመለሱት ቃል በቤተሰባችን ሲነገር ይኖራል። «አይ አባ፣ ልጅነቱስ ይቅርብኝ። አንድ ቤት ልጅ ሆኜ አየሁት። ገረድ ብሆን ለመስቀል እንኳ ወንድሜን አይ ነበር።»

ቄስ ዮናስ አልተከራከሩም። ቀኖና ሰጧቸው። ሌላው ምእመን ጾምና ስግደት ሲታዘዝ፣ ለአስካለ የታዘዘው ዐቢይ ጾምን በሙሉ ከቅዳሴ በኋላ መጥረጊያ ሳይነኩ ከዛፉ ሥር መቀመጥ ነበር። ስግደት ቢሆን በደስታ በሰገዱ። ተቀመጡ፤ እጃቸው ግን አልቀመጥ አለ። በአጠገባቸው የወደቀውን ቅጠል ይለቅማሉ፤ ቅጠሉ ሲያልቅ የሰው ሕፃን ተቀብለው ያባብላሉ። ለሆሳዕና ተሸንፈው መጥረጊያውን አነሡ። ቄሱ በዓመቱ ያንኑ ደገሙላቸው፤ ያም ፈረሰ። ሥራ ሠራሁ ብሎ ንስሐ የገባ ሰው በሀብሩ ከእሳቸው ሌላ ያለ አይመስለንም።

በ2015 ዓ.ም. ከደረጃ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ ቆመው አልሄዱም። ብዙ ሳይቆይ ከመርሳ ወደ አቶ ንጉሴ ስልክ ተደወለ፤ «ዘመዳችሁን ውሰዱ፣ እኛ የሚያስታምም ሰው የለንም» የሚል። የሃምሳ ዓመት ልጅነት በአንድ ስልክ አለቀ።

ወልድያ ወንድማቸው ቤት ሲገቡ ነጻ የወጡ መስሎን ነበር። ባሰባቸው። ተኝተው ምስር ካልለቀምኩ ብለው ያለቅሳሉ። ቢጠማቸው አይጠይቁም፤ ከንፈራቸው ሲደርቅ አይተን ነው ውሃ የምንሰጣቸው። ይህን ታሪክ የጻፈችው የወንድማቸው ልጅ ሩት ለምን እንደማይጠይቁ ብትጠይቃቸው፣ «በምን ሥራዬ?» አሏት። በጸሎታቸውም እንዲሁ ነበሩ፤ ይቅርታ ይጠይቃሉ እንጂ አንዳች ነገር አይለምኑም። መርሳ እንደሸኘቻቸው ሁሉ፣ እግዚአብሔርም የማትሠራ ሴት ምን ታደርግልኛለች ብሎ የሚሸኛቸው መስሏቸው ነበር። ይህን ፍርሃት ይዘው እንዳይሞቱብን ነበር የእኛ ጭንቀት።

ቄስ ዮናስ አርጅተው፣ ምርኩዝ ይዘው ከመርሳ መጡ። «በይ እንግዲህ፣ ቀኖናሽን አሁን ፈጽሚያታ» ብለው ቢቀልዱ አስካለ ተቆጡ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቄሱ ዳዊት አልደገሙ፣ ምክር አልሰጡ፤ አልጋው ጥግ ዝም ብለው ተቀምጠው ዋሉ። ሊሄዱ ሲነሡ፣ «ዛሬ እኔም እንዳንቺ ምንም አልሠራሁ። ያባርረን እንደሆነ እናያለን» አሉ። አስካለ ፊታቸውን መልሰው መስቀሉን ተሳለሙ።

ወይዘሮ አስካለ ገዛኸኝ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ59 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ትዳር አልመሠረቱም፤ ልጅም አልወለዱም። ወንድማቸውን አቶ ንጉሴ ገዛኸኝን፣ የወንድማቸውን ልጆች ሩትንና ቢኒያምን፣ በጀርባቸው ያዘሏቸውንም ብዙ ሰዎች ትተው ሄደዋል። የመርሳው ቤተሰብ «አሳዳጊ ወላጆች» ተብሎ እንዲጻፍለት ጠይቋል። ሩት እንቢ ብላ ነበር፤ ነገር ግን አስካለ በሕይወት ሳሉ «ያጎረሰኝን እጅ አትንከሱብኝ» ብለው አዘዋል። አሳድገዋቸዋል፤ ይኸው ተጽፏል። ወላጅ የሚለውን ግን አልጨመርንም።

ባረፉበት ዕለት ጠዋት እህል እንቢ ካሉ ሰንብተው ነበር። ሩት አጠገባቸው ተቀምጣ ሳለ ዓይናቸውን ወደ ጣራው አቀኑና፣ እንደ ወትሮው ሳይለማመጡ፣ ቆጣ ባለ ድምፅ፣ «አባቴ፣ ዛሬም ምንም አልሠራሁም። ራበኝ» አሉ።

ሩት አጥሚት አምጥታ አቀረበችላቸው። ጽዋውን ጨርሰው መለሱላት። «ድገሚኝ» አሉ።

የጠሩት አባት ነፍሳቸውን ይቀበል። አሜን።