በእማዬ ፔዳል ልክ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ሦስት ክፍል አስተማርኩ። ልጆቹ ዛሬም ያንኑ መዝሙር አጨማለቁት። ቤት ስገባ ወንድም ጋሼ ደወለ። እማዬ ካረፈች ሁለት ዓመቷ፣ ግጥሞቿን ሊያሳትም ነው። ርዕሱንም ራሱ አውጥቶለታል፦ «የታጋሿ እናት ግጥሞች»። በምረቃው ቀን ስለ በር የገጠመችውን ግጥም በዜማ እንዳቀርብ ይፈልጋል።
«ቀስ ያለ ይሁን እሺ? ሰው እንባ እንባ እንዲለው።»
እሺ አልኩ። ምን ቸገረኝ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
ፒያኖው ላይ ሦስት ሰዓት ተጎለትኩ።

ቆሜ እጠብቃለሁ፣ በሩ እስኪከፈት፣
ክሬ አላለቀም፣ አልሄድም ወደ ቤት።

ቀስ አድርጌ ስዘፍነው ትንፋሼ መሃል ላይ ያልቃል። ልመና ልመና ይሸታል። እማዬ እንዲህ ነበረች እንዴ? አከራዩን ከነዱላው ከበራፍ የመለሰች ሴት?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
እትዬ ዘንድ ሄድኩ። እማዬ ትሠራበት በነበረው ስፌት ቤት ከጎኗ ሃያ ዓመት የሰፉ ናቸው። ዜማዬን አሰማኋቸው። ሳቁብኝ!
«ምን ሆነሽ ነው የምታላዝኚው? እናትሽ እኮ ይቺን የስፌት መኪናዋ ላይ ሆና ነው የገጠመቻት። አሠሪው ነፍሰ ጡር ጓደኛችንን አባሮ ቢሮው ውስጥ በሩን ቆልፎ ሲቀመጥ! እኛም ፔዳላችንን እየረገጥን ተቀበልናት። ከዚያ ሄደን በሩ ላይ ተገተርን… እስኪከፍት!»
በእግራቸው ወለሉን መቱልኝ። ቱክ ቱክ ቱክ ቱክ… በዚያ ልክ ዘፈንኩት። ትንፋሼ በቃኝ። ልመና አይደለም፣ ዛቻ ነው! ስንት ጊዜ አለቀስንበት… ተናደድኩ። በራሴም ጭምር።

እሑድ፣ ጥቅምት 10
ወንድም ጋሼ አዲሱን ዜማ ሰማው። ፊቱ ተለዋወጠ።
«እማዬን ረብሸኛ ልታስመስያት ነው?»
«ነበረች እኮ።»
«በቀስታው ካልሆነ አትዘፍኚም።»
እናያለን። ታላቅ መሆን ዜማ አያወጣም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21
እንደገና ደወለ። አላነሳሁም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30
መጽሐፉ ተመረቀ። እትዬ ዘንድ የቆየውን የእማዬን የስፌት መኪና በታክሲ አስጭኜ አዳራሹ መድረክ ላይ አወጣሁት። ወንድም ጋሼ ከፊት ወንበር ሆኖ ዓይኑን አጉረጠረጠብኝ። ያጉረጥርጥ! እትዬ ተቀምጠው ፔዳሉን ረገጡ፣ እኔ ዜማውን ለቀቅኩት። ሁለተኛው ዙር ላይ የስፌት ቤቱ ሴቶች ከኋላ ተነስተው ቆሙ… ከእኔ ጋር አሉት። ፍጥነቱን አልቀነስኩም።
ስንወጣ ወንድም ጋሼ «አሳፈርሽኝ» አለኝ። ይበል። እግሩ ከወንበሩ ሥር ከፔዳሉ እኩል ሲመታ አይቼዋለሁ።
መኪናው ከእንግዲህ እኔ ቤት ነው፣ ፒያኖው አጠገብ። ስመለስ ክር ገዛሁለት።